ሳውዘርን ሮክ ወዳጆቹን ለምን አይሰለቻቸውም?

ትራከሩ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ስለሆነ ታገሱኝ።

አትላንታ አካባቢ ነው የምኖረው። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ብዙውን ጊዜ 75 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ በማኮን አልፌ ፍሎሪዳ እወርዳለሁ። የጥላሁንና የአስቴር ዘፈን ከሌለ መንገዱ አይገፋልኝም ነበር። አንድ ሌሊት ግን የስልኬ ቻርጀር ተበላሸና ሬዲዮ ከፈትኩ። በኦርጋን ቀስ ብሎ የሚጀምር ዘፈን መጣ። ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል። አሁን ሊያልቅ ነው ስል ፍጥነቱ ተቀየረና ጊታሮቹ መሮጥ ጀመሩ፣ አያቆሙም፣ እኔም ጭነቱን የማራግፍበት ግቢ ደርሼ ትራኩን አቁሜ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሬ ሳልነሳ አዳመጥኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። በኋላ ስጠይቅ ሊኒርድ ስኪኒርድ የሚባል ባንድ «ፍሪ በርድ» ነው አሉኝ፣ በፈረንጆቹ 1973 የወጣ። ሙዚቃው ሳውዘርን ሮክ፣ የአሜሪካ ደቡብ ሮክ ይባላል አሉኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰባ ዓመት የሚሆነው ነጭ ሰውዬ አለ። ይህን ዘፈን ሰማሁ ብዬ ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእውነቴን ነው። የልጅ ልጁ እንኳ የባንዱን ስም የያዘ ቲሸርት እንደምትለብስ ነገረኝ። ፋሽን ነው እንዳልል ሃምሳ ዓመት የሚቆይ ፋሽን የለም። የልጅነት ትዝታ ነው እንዳልል የልጅ ልጁ ያኔ አልተወለደችም። ምንድን ነው እንዲህ የያዛቸው? የምታውቁ አስረዱኝ።

የማኮን_ጎረቤት፦

ወንድሜ፣ በየሳምንቱ የምታልፍባት ከተማ ውስጥ እኮ ነው ነገሩ ያለው። እኔ ማኮን ስኖር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ምንም አላውቅም ነበር። ከሌላ ስቴት፣ አንዳንዴም ከአውሮፓ የመጣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የመቃብር ቦታ ሲጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሌላው ትልቅ የሳውዘርን ሮክ ባንድ፣ የኦልማን ብራዘርስ ባንድ፣ በ1969 ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ ተመሠረተና ወዲያው ወደ ማኮን መጣ። የመጣበት ምክንያት ፊል ዋልደን ነው። ዋልደን የጥቁሩ የሶል ዘፋኝ የኦቲስ ሬዲንግ ማናጀር ነበር። ኦቲስ በ1967 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ልቡ ተሰበረ። ከዚያ ካፕሪኮርን ሬከርድስ የሚባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም እነዚህን ልጆች ያዘ። ስድስት ነበሩ። አንዱ ድራመር ጄይሞ ጥቁር ነው፣ ቀደም ብሎ ከኦቲስ ጀርባ ድራም የመታ። አስቡት፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ በ1969፣ የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ጥቁርና ነጭ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል፣ ጸጉራቸውም ረጅም ነው። ከተማው ዝም ብሎ አላያቸውም።

ገንዘብም አልነበራቸውም። ኤች ኤንድ ኤች የሚባል የጥቁሮች ምግብ ቤት ገብተው ለስድስት ሰው ሁለት ሳህን አዘዙ። የቤቱ ባለቤት ሉዊዝ ሃድሰን፣ እዚህ ሁሉም እማማ ሉዊዝ ነው የሚላቸው፣ አይተው ለእያንዳንዳቸው ሳህን ሞልተው ሰጧቸው። ባንዱ ሲሳካለት በ1972 ለኮንሰርት ጉዞ ሲወጡ እማማን ይዘዋቸው ሄዱ። ይሄን ታሪክ ሳውቅ ነው ሙዚቃውን በደንብ ማዳመጥ የጀመርኩት። የኛ ሰው ታሪክ መሰለኝ።

ከዚያ ሞት መጣ። ዱዌን ኦልማን፣ የባንዱ መሪና ጊታሪስት፣ ጥቅምት 1971 እዚሁ ማኮን በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ዓመት አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቤዝ ተጫዋቹ ቤሪ ኦክሊ፣ እሱም በሞተር ብስክሌት፣ ከዚያው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ። እሱም 24። ሮዝ ሂል በሚባለው መቃብር ቦታ ከወንዙ በላይ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። በ2017 የዱዌን ታናሽ ወንድም ግሬግ ሲሞት እዚያው አጠገባቸው አረፈ። ሰው ዛሬም ይመጣል። ቁጭ ይላል፣ አያወራም። ይህን ሳይ ተዝካር ነው የሚታወሰኝ። እኛ በሰባተኛው ዓመት እናበቃለን፣ እነሱ ግን ሃምሳ ዓመት አልፏቸውም አልጨረሱም።

ባለክራር፦

የማኮን ጎረቤት የተናገረው ትክክል ነው። ግን ሙዚቃው ራሱ ደካማ ቢሆን ሀዘን ብቻውን ሃምሳ ዓመት አይወስደውም። እኔ ሙዚቀኛ ስለሆንኩ በዚያ በኩል ልናገር።

ክራር ካለህ በትዝታ ሜጀር ቃኘው። አምስት ድምፅ ነው። እነዚያው አምስት ድምፆች የኦልማን ብራዘርስ ሁለተኛ ጊታሪስት ዲኪ ቤትስ የሚወዳቸው ነበሩ፣ አንዳንዴ ስድስተኛ ይጨምርባቸው ነበር። በ1973 የወጣውን «ራምብሊን ማን» ስማ፣ በቢልቦርድ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰውን። ጊታሩ ሲገባ ጆሮህ ያውቀዋል፣ ለምን እንደሚያውቀው ግን አታውቅም። ከኛ ወሰዱ እያልኩ አይደለም፣ አምስት ድምፅ በዓለም ሁሉ አለ። ትዝታ ማይነርማ ከብሉዝ ማይነር ጋር አይገጥምም። ግን ሐበሻ ሹፌር በሌሊት ሬዲዮ ከፍቶ ይሄ ሙዚቃ ልቡ ውስጥ ቢገባ እኔን አይገርመኝም።

ሁለተኛው ነገር ስላይድ ነው። ዱዌን የጉንፋን መድኃኒት የነበረበትን ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሩ ላይ ያንሸራትተው ነበር። ድምፁ በኖታና በኖታ መካከል ይሄዳል። ማሲንቆ የሚያደርገውን ማለት ነው። ለዚህ ነው ጊታሩ እንደ ሰው አለቀሰ ያልከው።

ዋናው ግን ጊዜ ነው። በመጋቢት 1971 ኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት ላይ የቀዱት የኮንሰርት አልበም አለ። አንዱ ዘፈን ብቻውን የሸክላውን አንድ ፊት ይሞላል፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ። ሁለት ድራመር ከኋላ አለ፣ ሁለቱ ጊታሮች አንዴ አብረው ይዘምራሉ፣ አንዴ ይለያያሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ነገ ሌላ ከተማ ሲጫወቱት ሌላ ነው። አዝማሪ ቤት የሚሄድ ሰው ዜማውን ስለማያውቀው አይደለም የሚሄደው፣ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ዛሬ ማታ ምን ይጨምርበታል ብሎ ነው። የነዚህ ሰዎች አድናቂዎችም እንደዚያ ናቸው። የአንዱን ሌሊት ኮንሰርት ከሌላው ሌሊት እያነጻጸሩ ሲከራከሩ ያድራሉ። ታዲያ ከየት መጥቶ ይሰለቻቸዋል?

የበርሚንግሃም_ልጅ፦

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አላባማ ነው የምኖረው። ጥቁር ሴት ነኝ፣ ልጆቼም እዚህ ጥቁር ሆነው ነው የሚያድጉት። ይሄን ሙዚቃ ከሚያዳምጠው ሰው አንዳንዱ መኪናው ላይ የኮንፌዴሬት ባንዲራ፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋውን የደቡቡን ጦር ባንዲራ፣ ይለጥፋል። እሱን ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ስኪኒርዶች ራሳቸው በሰባዎቹ መድረክ ላይ ይሰቅሉት ነበር። በ2012 ትተነዋል ብለው አድናቂ ሲቆጣ መልሰው አለሳለሱት። ይሄ ያማል። ሙዚቃው ቆንጆ ስለሆነ ዝም ልንል አይገባም።

ግን ሙዚቃውን ለባንዲራው አልተውለትም። ምክንያቱም የኔም ነው። ዱዌን ታዋቂ ከመሆኑ በፊት በ1968 እዚሁ አላባማ፣ መስል ሾልስ፣ ፌም ስቱዲዮ ውስጥ ከጥቁሩ የሶል ዘፋኝ ከዊልሰን ፒኬት ጋር ጊታር ይጫወት ነበር። የጥቁሯ የሶል ዘፋኝ የአሪታ ፍራንክሊን ዘፈኖች ጀርባ ያሉት ተጫዋቾችም የዚያችው ትንሽ ከተማ ነጭ ልጆች ናቸው። ብሉዝ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ሶል፣ ከካንትሪ ጋር ተቀላቅሎ ነው ይሄ የወጣው። ሥሩ ውስጥ ጥቁር ሰው አለ። ይህን የሚያውቅ አድናቂ ከባንዲራው ይልቅ ጄይሞንና እማማ ሉዊዝን ያስታውሳል። እንደዚህ ዓይነት አድናቂ ብዙ አለ፣ የሥራ ባልደረባዬ አንዷ ናት። እሷ ናት ያስተማረችኝ።

ትራከሩ፦

እህቴ፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። እኔም ትራክ ስቶፕ ላይ ያንን ባንዲራ ሳይ ከመኪናዬ ለመውረድ የማመነታበት ጊዜ አለ። የመጋዘኑን ሰውዬ ግን ባንዲራ ይዞ አይቼው አላውቅም።

ባለክራር፣ ስለ ትዝታ ያልከውን ሞከርኩት። ክራር የለኝም፣ በልጄ ኪቦርድ። ጸጉሬ ቆመ።

ስደተኛው_ከ1981፦

ልጆች፣ እኔ በሱዳን አድርጌ በ1981 ነው አሜሪካ የገባሁት። አትላንታ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ከጎኔ የሚቆመው ሰው የስኪኒርድ ወዳጅ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን 1977 የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ። አዲስ አልበም ካወጡ ሦስት ቀናቸው ነበር። የተከራዩት አውሮፕላን አየር ላይ ነዳጅ ጨርሶ ሚሲሲፒ ጫካ ውስጥ ወደቀ። ዘፋኙ ሮኒ ቫን ዛንት፣ ጊታሪስቱ ስቲቭ ጌይንስ፣ እህቱ ካሲ፣ ረዳታቸውና ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። የተረፉት አጥንታቸው ተሰባብሮ ነው። ባንዱም ፈረሰ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ የተረፉት ተሰባስበው ሲዞሩ አትላንታም መጡ። ያ ጓደኛዬ ትኬት ቆርጦ ይዞኝ ሄደ። የሮኒ ታናሽ ወንድም ጆኒ ነው የሚዘፍነው። የመጨረሻው ላይ ትራከሩ የሰማኸው ዘፈን ደረሰ። ጆኒ አልዘፈነውም። ሙዚቃው ብቻ ተጫወተ፣ ማይክሮፎኑ ሰው የለውም። ሕዝቡ ነው የዘፈነው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ዘወትር ተቀባይ የነበረው ሰው ያን ቀን አውጪ ሆነ። ጓደኛዬ ጮኾ እየዘፈነ ያለቅሳል። እኔ እንግሊዝኛው ገና በደንብ አልገባኝም ነበር። ግን ቀይ ባሕር ላይ የቀረ ወንድም አለኝ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለወንድሜ እንደዚያ ድምፄን አውጥቼ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ አባላት የመጨረሻው ጌሪ ሮሲንግተን በመጋቢት 2023 ሞተ። ጓደኛዬ ያኔ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ያን ዕለት ደወልኩለትና እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። አመስግኖኝ ረጅም ሰዓት አወራን።

ትራከሩ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰውዬው ለምን እንዳለቀሰ አሁን ገባኝ። ሰኞ ስሄድ 1977 ላይ የት እንደነበረ እጠይቀዋለሁ።

የማኮን ጎረቤት፣ ሐሙስ ማኮን የማወርደው ጭነት አለኝ። ሮዝ ሂል ትሬለር ማቆሚያ ቦታ አለው?

የማኮን_ጎረቤት፦

በትሬለር እንዳትሞክረው። የመቃብሩ መንገድ ጠባብና ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ከገባህ አትወጣም። ትራኩን ትራክ ስቶፕ አቁምና በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ በኔ መኪና መጥቼ እወስድሃለሁ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ያኔ መቀመጫው ጥላ ይሆናል። ባለክራርን ትዝታ የቀዳው ካለ ላክልን በለው፣ እዚያ ሆነን እንሰማዋለን።