የናይል ማዕቀፍ ስምምነት የ1959ኙን ውል አፍርሷል ማለት ይቻላል?

የቀሃ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማራኪ ግቢ ክርክር አለብን። የደረሰን አቋም «የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስለጸና የ1959ኙ የግብፅና የሱዳን ውል ፈርሷል» የሚል ነው። ተጋጣሚዎቻችን የ1902ቱን የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ይዘው እንደሚመጡ ሰምተናል። እሱ ጣናን በስም ስለሚጠራ እዚህ ጎንደር ላይ ታዳሚውን ማስደንገጡ አይቀርም። ምን እንመልስ?

መምህር ዘአዘዞ፦
ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፍ። ፈርሷል ካላችሁ በመጀመሪያው ዙር ትረታላችሁ። የማዕቀፉ ስምምነት የጸናው ስድስተኛዋ አገር ደቡብ ሱዳን ሰነዷን ለአፍሪካ ኅብረት ካስረከበች በ60ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ነው። የሚያስረውም ያጸደቁትን ብቻ ነው፦ ኢትዮጵያን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ዩጋንዳን፣ ቡሩንዲንና ደቡብ ሱዳንን። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። የ1969ኙ የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት አንቀጽ 34 ደግሞ ውል ያልተስማማበትን ሦስተኛ አገር ግዴታ ውስጥ አያስገባም ይላል።

ይኸው አንቀጽ ግን ጋሻችሁ ነው። በ1959 ግብፅና ሱዳን 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብለው የገመቱትን ዓመታዊ ፍሰት 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪውን 10 ለትነትና ለብክነት ብለው ሲደለድሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም። በሁለቱ መካከል ይጽና፤ እኛን ከመነሻውም አላሰረንም። ክርክራችሁን እዚህ ላይ ትከሉ።

አንገረብ፦
የ1902ቱ ይለያል፤ እሱን ኢትዮጵያ ፈርማዋለች። በሦስተኛው አንቀጽ ዳግማዊ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃው ወደ ናይል እንዳይፈስ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ላለመሥራት ቃል ገብተዋል። ተጋጣሚ ይህን አንብቦ ይቀመጣል። እናንተ ቀጥሉ፦ አንቀጹ የሚከለክለው ፍሰቱን ማገድን ነው፤ የኃይል ማመንጫ ግድብ ግን ተርባይን ያዞረውን ውሃ መልሶ ይለቀዋል። በ2015 ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን መሪዎች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫም ስለ ሕዳሴ ግድብ አሞላልና አሠራር የሚያወራው ግድቡ እንደሚኖር ተቀብሎ ነው። «የቅኝ ግዛት ወረቀት ነው» ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ሱዳን የውሉ ወራሽ ነኝ ልትል ትችላለች።

የቀሃ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ግብፅ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ብትከስስስ?

መምህር ዘአዘዞ፦
ፍርድ ቤቱ ያለ ሁለቱም ወገን ፈቃድ ጉዳዩን አያይም። በካርቱሙ መግለጫ 10ኛ መርህም ድርድር ካልሠራ ሸምጋይ የሚጠራው በጋራ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በ2020 እና በ2021 ጉዳዩን ሰምቶ በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው መግለጫ ያለው፣ በአፍሪካ ኅብረት መሪነት ወደሚካሄደው ድርድር ተመለሱ ነው።

አንገረብ፦
የሚያስጨንቃችሁ የማዕቀፉ ስምምነት አንቀጽ 14(ለ) ነው። የላይኞቹ አገሮች «የሌላውን የውሃ ዋስትና በጉልህ አለመጉዳት» ሲሉ፣ ግብፅ «የአሁን አጠቃቀምንና መብትን» ይጨመር ብላለች። ይጨመር ማለት የ1959ኙን 55.5 ቢሊዮን በጓሮ በር ማስገባት ነው። ስላልተስማሙ አንቀጹ ለሚቋቋመው ኮሚሽን በይደር ቀርቷል። ተጋጣሚ «ስምምነታችሁ ገና አላለቀም» ካለ እውነቱን ነው፤ አትካዱ፤ ያልተቋጨው በማን ጥያቄ ምክንያት እንደሆነ ንገሩት።