ወለሉ የዓሣ ገንዳዬን አልችል አለኝ፣ ከሥሩ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ የእንጨት ቤት ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እዩልኝ። ያለሁት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቤቱ የቆየ የእንጨት ቤት ሆኖ ሳሎኑ ከቤዝመንቱ (ከምድር ቤቱ) በላይ ነው። 125 ጋሎን አኳሪየም ገዛሁ፣ ውሃው ብቻ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፣ መስታወቱ ጠጠሩና መቆሚያው ሲጨመርበት ወደ 1,400 ይጠጋል፣ ይሄ ሁሉ የሚያርፈው ደሞ 6 ጫማ በ18 ኢንች ቦታ ላይ ነው። በአንድ ስኩዌር ጫማ 155 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው፣ የሳሎን ወለል ግን የሚሰላው ለ40 ነው።

ግማሽ ድረስ ስሞላው የውሃው መስመር ከፊት በኩል ከኋላው ግማሽ ሳንቲም ከፍ ብሎ አየሁት፣ ወለሉ ወደ ፊት ሰምጧል ማለት ነው፣ ደንግጬ ወዲያው ውሃውን ቀድቼ አወጣሁት። ቤዝመንት ወርጄ ሳይ ጆይስቶቹ (ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች) ሁለት በስምንት ኢንች የሚባሉት ናቸው፣ ገንዳው በነሱ አቅጣጫ ስለተቀመጠ ክብደቱን ሁለቱ ብቻ ናቸው የተሸከሙት። ከጎናቸው ሌላ እንጨት ልደርብ አስቤ ነበር፣ የማሞቂያው ቱቦ መሀል ላይ ስላለ ከጫፍ ጫፍ አይገባም። ከዛ ወፍራም እንጨት በአግድም ከሥራቸው አድርጌ በሁለት የብረት ክሪክ ደገፍኩት፣ ወለሉ ተስተካከለ፣ በሳምንቱ ግን አንዱ ክሪክ የቆመበት ኮንክሪት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ፣ ገንዳው ባዶ እያለ!

ኦስካር የሚባሉት ትልልቅ ዓሦቼ በድሮዋ 40 ጋሎን ገንዳ ውስጥ መዞሪያ አጥተዋል፣ እነሱን ሳይ ሆዴ አይችልም። ከክሪኮቹ ሥር ሰፊ የብረት ሳህን ባደርግ ይበቃል ወይስ ኮንክሪቱን ሰብሬ መሠረት ማፍሰስ የግድ ነው?