አራት ታብሌቶች ብቻ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኙም፣ አምስት ሰዓት ከቆዩ በኋላ ደግሞ ራሳቸው ይስተካከላሉ

ኮድ_ከሐይቁ_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያስጨነቀኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን የቱ ፍንጭ እንደሚሆን ስላላወቅኩ ሁሉንም ልጻፈው።

ለመድኃኒት ቤቶች የሽያጭና የክምችት መመዝገቢያ አፕ ሠርቻለሁ። ሐዋሳ፣ ይርጋለም፣ ሻሸመኔና ዲላ ባሉ ቤቶች 11 ታብሌቶች ላይ ተጭኗል። ታብሌቶቹ ሲም ካርድ የላቸውም፤ የየቤቱን ዋይፋይ ነው የሚጠቀሙት። ሰርቨሩ የኪራይ ነው፤ ኡቡንቱ፣ ላዩ ላይ ኤንጂንኤክስ (ከታብሌቶቹ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግደው ፕሮግራም)። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት የሌትስ ኢንክሪፕት ነው፤ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል።

ኅዳር 23 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ገና ሱቅ ሲከፈት፣ ስልኬ መጥራት ጀመረ። አራት ታብሌቶች «ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም» ይላሉ። ሰባቱ ምንም አልሆኑም። ከአራቱ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሻሸመኔ፣ ሁለቱ ዲላ ናቸው። የሻሸመኔዋ ፋርማሲስት «እህቴ፣ ወረፋው በር ላይ ደርሷል» ስትለኝ የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ።

ኢንተርኔት መኖሩን አስጠየቅኩ፤ አለ። በዚያው ታብሌት ብሮውዘር ሌሎች ድረ ገጾችን ይከፍታሉ። የእኔን ሰርቨር ብቻ ነው እምቢ የሚሉት። ከቢሮዬ በላፕቶፕም በስልክም ስሞክር ይሠራል። ኤንጂንኤክስን እንደገና አስነሳሁ፣ ሰርቨሩንም አስነሳሁ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የሐዋሳው ቤት 6:35 ገደማ ራውተሩን አጥፍተው አበሩት፤ ትንሽ ቆይቶ ሠራ። «ራውተር ነው» ብዬ ለሦስቱም ደወልኩ። እነሱ ግን ሳይነኩት በየተራ ተስተካክለው ነበር፤ አንዱ 6:37፣ አንዱ 6:44፣ የመጨረሻው 6:52።

እሺ አልፏል አልኩ። ጥር 23 ደግሞ ያው ነገር መጣ። እነዚያው አራቱ። በዚህ ጊዜ ጠዋት ሲከፍቱ ደህና ነበሩ፤ 3:20 አካባቢ ተቋረጡ፤ 8:20 ሲሆን ተመለሱ።

አንድ ጓደኛዬ «የሰርተፊኬት ማጣሪያውን አጥፊውና ተገላገዪ» አለኝ። በዚህ መስመር የታካሚ ስምና የታዘዘለት መድኃኒት ያልፋል። አላደርገውም። ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ሦስተኛውን ቀን መጠበቅም አልችልም። እባካችሁ።

አንድሮይድ_በአማርኛ፦

የታብሌቶቹ አንድሮይድ ስንት ነው? ከ7.1.1 በታች ከሆነ የሌትስ ኢንክሪፕትን ሥር ሰርተፊኬት (የሌሎቹ ሁሉ መተማመኛ የሆነውን)፣ አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ1 የሚባለውን፣ አያውቀውም። ድሮ በሌላ ድርጅት ሥር ሰርተፊኬት በኩል ስለተፈረመለት ነበር የሚያልፈው። ያ ድጋፍ በፈረንጅ 2024 አብቅቷል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የወደቀው።

ሌላው፣ ያ መልእክት አንቺ የጻፍሽው ነው እንጂ አንድሮይድ ያለው አይደለም። ከሥሩ ያለውን ትክክለኛ ኤረር አምጪ። «ትረስት አንከር ኖት ፋውንድ» ካለ ከሰርቨርሽ ሰርተፊኬት እስከ ሥሩ ያለው ሰንሰለት ጎድሏል ወይም ሥሩ አይታወቅም። «ቼይን ቫሊዴሽን ፌይልድ» ካለ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱብሽ።

ገመድ_ጎታች፦

እኔ ኔትወርክ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የማየው በዚያ በኩል ነው። ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን የፓኬት ትልቁን መጠን፣ ተመልክተሻል? ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ሲልክ ፓኬቱ ትልቅ ነው። መንገድ ላይ ያለ ራውተር ትልቁን ፓኬት ዝም ብሎ ከጣለው፣ ፒንግ ይሠራል፣ ቀላል ገጽ ይከፈታል፣ ኤችቲቲፒኤስ (በሰርተፊኬት የሚጠበቀው ግንኙነት) ግን ይንጠለጠላል። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርገሽ በ1472 ባይት ፒንግ ሞክሪ። ካላለፈ ቀንሺ፤ በ1464 ካለፈ ፒፒፒኦኢ የሚባለው የኢንተርኔት መስመር አገናኝ የሚበላው 8 ባይት ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ሲበላሽ ወዲያው ነው ኤረር የሚሰጠው ወይስ ተንጠልጥሎ ቆይቶ?

ኮድ_ከሐይቁ_ዳር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድሮይዱ 10 ነው፣ አስራ አንዱም አንድ ዓይነት ናቸው። ኤረሩ ወዲያው ነው፤ አንድ ሰከንድ አይሞላም።

የሻሸመኔውን ሎግ በቴሌግራም አስላክሁ። «ቼይን ቫሊዴሽን ፌይልድ» ይላል። ትረስት አንከር የሚል የለም። ከሥሩ ረጅም ዝርዝር አለ፤ እሱ ግን ተቆርጧል፤ አፑ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ይኼን አስተካክላለሁ።

የሰርትቦትንም ሎግ ከፈትኩ። ሰርተፊኬቱ የታደሰው ኅዳር 23 በ04:40 እና ጥር 23 በ06:20 ነው። ቀኖቹ መገጣጠማቸው አስደንግጦኛል። ግን አዲሱ ሰርተፊኬት ችግር ካለበት ሰባቱ ታብሌቶች እንዴት ተቀበሉት? ሰዓቱስ ለምን አይገጥምም?

የሰርቨር_ክፍል፦

እህቴ፣ ሰዓቱ ይገጥማል። የሰርቨርሽ ሎግ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚጽፈው። 04:40 ላይ ሦስት ጨምሪ፤ በፈረንጅ ጠዋት 7:40፣ በእኛ 1:40። ሱቆቹ 2 ሰዓት ሲከፍቱ አዲሱ ሰርተፊኬት ሥራ ላይ ነበር። 06:20 ደግሞ በእኛ 3:20 ነው። ሁለተኛው ቀን የተቋረጡት ልክ በዚያች ሰዓት ነው ብለሻል።

አሁን ወደ መዳኛው ሰዓት እንሂድ። ከ1:40 እስከ 6:40 አምስት ሰዓት ነው። ከ3:20 እስከ 8:20ም አምስት ሰዓት ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ራውተር እንዲህ በሰዓት ቆጥሮ አይድንም። ኤምቲዩም አይድንም። የሥር ሰርተፊኬት ችግርማ ሁልጊዜ ነው የሚከለክለው።

እያንዳንዱ ሰርተፊኬት ሁለት ቀን ተጽፎበታል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያበቃ። ሁላችንም የምናየው የማብቂያውን ነው። መነሻው ደግሞ «ኖት ቢፎር» ይባላል። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰዓታቸው ትንሽ ወደኋላ ለቀረ መሣሪያዎች ብሎ መነሻውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ያደርገዋል። ስለዚህ የኅዳሩ ሰርተፊኬት መነሻ በፈረንጅ ጠዋት 6:40 ነው። አንድ መሣሪያ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ያቺን 6:40 የሚደርስባት እውነተኛው ሰዓት ከቀኑ 12:40 ሲሆን ነው። እስከዚያ ድረስ «ይህ ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም» ብሎ ይመልሰዋል። ስድስት ሲቀነስ አንድ፣ አምስት።

ስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀር መሣሪያ የት ይገኛል? እኛ አገር። ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ «ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ታብሌቱ ላይ 3:00 ይሞላል። ታብሌቱ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሰለው። ሰውዬው አልተሳሳተም፤ በአገሩ ሰዓት ነው የሞላው። እንዲያውም አራቱ በተለያየ ደቂቃ መዳናቸው በእጅ እንደተሞሉ ያሳያል። ሌሎች ድረ ገጾች የተከፈቱትም ሰርተፊኬታቸው ከወጣ ቀናት ወይም ሳምንታት ስላለፉት ነው። ስድስት ሰዓት ለእነሱ ምንም አይደለም።

ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞሉ ቢሆንማ ቀድመሽ ትይዢው ነበር። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ያለ ታብሌት አንድም ኤችቲቲፒኤስ አይከፍትም። ስድስት ሰዓቱ ነው ተንኮለኛው። ስልሳ ቀን ተደብቆ ይቀመጣል።

አሁኑኑ ማረጋገጥ ትችያለሽ፣ ታብሌቶቹ ዘንድ ሳትሄጂ። ዳታቤዝሽ ውስጥ ታብሌቱ የጻፈው የሽያጭ ሰዓትና ሰርቨርሽ የተቀበለበት ሰዓት ሁለቱም ካሉ አወዳድሪያቸው። ከዚያ ንገሪኝ።

ማጣሪያውን አላጠፋም ማለትሽ ደግሞ ልክ ነው። አጥፍተሽው ቢሆን ታብሌቶቹ ይሠሩ ነበር፣ ይኼም ስህተት ለዘላለም ተቀብሮ ይቀር ነበር፣ መሀል ገብቶ ማንበብ ለሚፈልግም በሩ ተከፍቶ ያድር ነበር።

ኮድ_ከሐይቁ_ዳር፦

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አወዳደርኩ። በሰባቱ ታብሌቶች ልዩነቱ ሰከንዶች ነው። በአራቱ 5 ሰዓት ከ57 ደቂቃ፣ 6 ሰዓት ከ4፣ 6 ሰዓት ከ5 እና 6 ሰዓት ከ12። መዳኛቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ 6:37 ላይ የተነሣው 5:57ቱ ነው፣ 6:52 ላይ የተነሣው 6:12ቱ።

የዲላው ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ከወር በፊት «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አሞክሲሲሊን ማን ነው የሸጠው?» ብላኝ ነበር። የሪፖርቱ ስህተት መስሎኝ በኋላ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት።

እንዴት እንደሆነም ገባኝ። ጥቅምት ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የነበረ ጊዜ የታብሌቶቹ ባትሪ ሙሉ በሙሉ አለቀ። ሲበሩ ቀናቸው ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ነበር፤ አፑም አልገናኝ አለ። ያኔ በስልክ «ቀኑን በፈረንጅ ሙሉት» ብዬ አንድ በአንድ አስሞላኋቸው። ስለ ሰዓቱ ምንም አላልኩም።

ቢሮ ባለኝ ታብሌት ደግሜ ሞከርኩት። ስድስት ሰዓት ወደኋላ አደረግኩት፣ ለሙከራ ሌላ ሰብዶሜን ከፍቼ አዲስ ሰርተፊኬት አወጣሁለት። ወዲያው እምቢ አለ። ሎጉን እስከ ሥሩ እንዲጽፍ አስተካክዬው ስለነበር ኤረሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ «ሰርተፊኬት ኖት የት ቫሊድ»፣ ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። አምስት ሰዓት ጠበቅኩ። ምንም ሳልነካው ተገናኘ።

የሰርቨር_ክፍል፦

ጎበዝ! ደግመሽ ማሳየትሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው መልሱን ካገኘ በኋላ አይሞክረውም።

ሁለት ነገር ጨምሪ። አፑ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘ ቁጥር መልሱ ላይ የሰርቨሩ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይመጣል፤ «ዴት» የሚለው ሄደር ነው። ከታብሌቱ ሰዓት ጋር አወዳድሪው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያዩ ያኔውኑ በአማርኛ አስጠንቅቂ፣ እስኪቋረጥ አትጠብቂ። መልእክቱም «የታብሌቱ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ይላል፤ አሁን ጠዋት 3 ነው» የሚል ይሁን። ፋርማሲስቷ አንብባ እንድታስተካክለው።

ሁለተኛው ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርትቦት የሚያድሰው 30 ቀን ሲቀረው ስለሆነ የምትቸኩዪበት ምክንያት የለም። አዲሱ ሰርተፊኬት ከወጣ በኋላ ኤንጂንኤክስ በማግስቱ እንዲያነበው አድርጊ። እስከዚያ በአሮጌው ይቀጥላል። በዚያች አንድ ቀን የስድስት ሰዓቱ ስህተት ይዋጣል። ይኼ ግን መከላከያ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። የሰርተፊኬት ዕድሜ እያጠረ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ የትኛውም የሕዝብ ሰርተፊኬት ከ47 ቀን በላይ አይሰጥም። አሁን በሁለት ወር አንዴ የሚመጣብሽ ያኔ በየወሩ ይመጣል።

ገመድ_ጎታች፦

ኤምቲዩዬ አልሆነም፣ ግን ተምሬበታለሁ። አውቶማቲክ ሰዓቱን ስታበሪ ካልተስተካከለ ራውተሩን እዪ። ሲም የሌለው ታብሌት ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያገኘው በዩዲፒ ፖርት 123 (የሰዓት ጥያቄ በሚያልፍበት በር) ነው። አንዳንድ ቤት ይኼ ተዘግቷል።

ሠራተኞቹ በእኛ ሰዓት ማየት እንፈልጋለን ካሉ ደግሞ ሰዓቱን አትንኩ፣ የሰዓት ቀጠናውን ቀይሩ። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት። ታብሌቱ ላይ 3:00 ይታያል፣ ውስጡ ያለው ዩቲሲ ግን ትክክል ነው፤ ሰርተፊኬቱም አይቃወምም።

ኮድ_ከሐይቁ_ዳር፦

የቦነስ አይረሷ ጥሩ ናት፤ ግን አፔ የሽያጩን ቀን ከታብሌቱ ሰዓት ነው የሚወስደው። ቀጠናው ከተቀየረ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት የተሸጠው በትናንቱ ቀን ይመዘገባል፤ ሌሊት የሚሠራ ቤት አለኝ። መጀመሪያ ሁሉንም በዩቲሲ ላስቀምጥ፣ ከዚያ እፈቅድላቸዋለሁ። ለጊዜው አፑ ራሱ ከላይ ጥግ ላይ የእኛን ሰዓት እንዲያሳይ አድርጌያለሁ። ያን ካዩ ታብሌቱን ለመንካት ምክንያት የላቸውም።

የሐዋሳው፣ የሻሸመኔውና ከዲላ አንዱ አውቶማቲክ ሰዓት ሲበራላቸው ወዲያው ተስተካከሉ። ሁለተኛው የዲላ ታብሌት ግን በርቶም አልተንቀሳቀሰም፤ ፖርት 123 ሳይሆን አይቀርም። የራውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ እዚያ የለም። ቀጣዩ እድሳት መጋቢት 23 አካባቢ ስለሆነ ጊዜ አለኝ፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ።