አለቃ ቀድሞ ሲናገር ሁሉም ዝም ይላል፣ በጋራ መወሰን ላይ የሚረዳ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

አዲስ ቡድን መሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የቡድን መሪ ሆኜ ተመደብኩ፣ ስድስት ሰው አለኝ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል አይደል፣ እኛ ጋ ግን ሰባት ሆነን ገብተን ይዘን የምንወጣው የኔን ሀሳብ ብቻ ነው። ባለፈው አንድ ፕሮጀክት ስናቅድ ስድስት ሳምንት ይበቃናል ብዬ ጀመርኩ፣ ሁሉም እሺ አለ፣ አስራ አንድ ፈጀ። በኋላ አንዷ ልጅ ደብተሯን ስትገልጥ አየሁት፣ የዛን ቀን ገጽ ጥግ ላይ "10" ብላ ጽፋለች። ለምን አልተናገርሽም ስላት አንተ ስድስት ካልክ በኋላ ምን ልበል አለችኝ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ያነበብኳቸው የሊደርሺፕ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ራዕይና ሰው ስለ ማነሳሳት ነው የሚያወሩት።

የማታ አንባቢ፦
ወንድሜ መልሱ ያቺ "10" ውስጥ ነው ያለው። የጄምስ ሱሮዊኪን ዘ ዊዝደም ኦፍ ክራውድስ አንብብ፣ በፈረንጆቹ የ2004 መጽሐፍ ነው። መግቢያው ላይ የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የፍራንሲስ ጋልተን ታሪክ አለ፣ በ1906 እንግሊዝ ውስጥ አንድ የከብት ኤግዚቢሽን ላይ ሰዉ የአንድ በሬ ሥጋ ስንት ይመዝናል ብሎ ይገምታል፣ 787 ግምት ተሰብስቦ አማካዩ ሲሰላ ከትክክለኛው ክብደት የተለየው በአንድ ፓውንድ ነው። ይሄ የሆነው ግን ሁሉም ለየራሱ ካርድ ላይ ጽፎ ስላስገባ ነው፣ አንድ የተከበረ ሰው ጮክ ብሎ ቁጥር ቢጠራ ኖሮ ሌላው ወደሱ ይጠጋ ነበር። እኔ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቁጥሩንና አንድ ምክንያት ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፣ እኔ መጨረሻ ነው የምናገረው። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ አይደፍርም፣ ታገስ።

ዝም የማልል፦
የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኧርቪንግ ጃኒስ ግሩፕቲንክ ስለሚለው ነገር፣ ማለትም ቡድን ለመስማማት ሲል ጥርጣሬውን ስለሚውጥበት ሁኔታ፣ በ1972 የጻፈውንም ጨምርበት በጣም አስፈላጊ ነው። በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲና አማካሪዎቹ ኩባን ለመውረር የወሰኑት ውሳኔ እንዴት እንደተበላሸ ያሳይሃል፣ የሚጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ ግን ዋጡት። በ1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ ሚሳኤል አስቀምጣ ቀውስ ሲመጣ ፕሬዚዳንቱ ያው ነው፣ ከሰዎቹም ብዙዎቹ ያው ናቸው፣ አሠራሩ ነው የተለወጠው። ኬኔዲ አንዳንዱ ስብሰባ ላይ ሆን ብሎ አይገባም ነበር፣ ቡድኑንም ከፍለው ለየብቻ አማራጭ እንዲያዘጋጁ ተደረገ። አንተም አንዳንዴ ክፍሉን ልቀቅላቸው።

ሥራ ላይ ያለሁ፦
በሁለታችሁም እስማማለሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሀሳብ መሰብሰብ ማለት በድምፅ ብልጫ መወሰን ማለት አይደለም። እኛ ጋ ይሄ ተምታቶብን አንዱን ጉዳይ አራት ጊዜ ተሰብስበንበታል፣ ሁሉም ተናግሮ ማንም ሳይወስን ቀረ። ማን እንደሚወስንና እስከ መቼ እንደሚወስን አስቀድመህ ንገራቸው፣ ከወሰንክ በኋላ ያልተቀበልከውን ሀሳብ ለምን እንዳልተቀበልክ አስረዳ። የሥነ ልቦና ባለሙያውን የጋሪ ክላይንን ፕሪሞርተም የሚባል ዘዴም ሞክሩት፣ ሥራው ሳይጀመር "ፕሮጀክቱ ከሽፏል፣ ምን ገደለው?" ብላችሁ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ። ስጋት ያለበት ሰው እንደ ተቃዋሚ ሳይታይ የሚናገርበት መንገድ እሱ ነው።

አዲስ ቡድን መሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማክሰኞ ስብሰባ አለን፣ በወረቀት ነው የምጀምረው። ያቺን ልጅ መጀመሪያ ያንቺን አንብቢ ልበላት?

የማታ አንባቢ፦
አይ፣ እሷን ለብቻዋ አታጋልጣት። ወረቀቶቹን ቀላቅልና ስም ሳትጠራ አንተው አንብባቸው፣ ከሌላው በጣም የራቀውን ቁጥር ስታገኝ ቆም በልና ምክንያቱን ሁለቴ አንብበው።