በድሬዳዋ ሙቀት ጥንቸሎቼ ክብደት አልጨምር አሉ፤ መኖውን ነው ወይስ ቤቱን ላስተካክል?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በግቢዬ 24 ጥንቸሎች አሳድጋለሁ፤ ከኒውዚላንድ ነጭ ዝርያ የተዳቀሉ ናቸው። በ30 ቀናቸው ጡት አስጣልኳቸው፤ አሁን 12 ሳምንት ሞልቷቸው ስመዝናቸው ግን አብዛኞቹ ከ1 ኪሎ ከ300 ግራም አላለፉም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፉርሽካና የተከካ በቆሎ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ትኩስ አልፋልፋ እሰጣቸዋለሁ። ግንቦት ከገባ ወዲህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ጆሯቸውን ጥለው፣ በሆዳቸው ተዘርግተው ያለከልካሉ፤ የጠዋቱም መኖ ሳይነካ ይውላል። እንዲወፍሩልኝ ብዬ በቆሎውን እጥፍ ባደርገው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱ በተቅማጥ ሞቱብኝ። የቤታቸው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከመተሐራ

እኔም የጀመርኩት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለነበር የሚሉት ሁሉ ይገባኛል። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በጆሮው የደም ሥሮችና በትንፋሹ ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው አየር ይስማማዋል፤ 30 ሲያልፍ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ 35 ከደረሰ ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል። የበላው መኖ ሲፈጭም ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ቀን ላይ አለመብላቱ ራሱን ከሙቀት የሚከላከልበት መንገድ ነው። ስለዚህ መኖውን ከመቀየርዎ በፊት ሰዓቱን ይቀይሩ። ዋናውን መኖ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይስጡ፤ ጥንቸል በተፈጥሮው ሌሊት የሚበላ እንስሳ ነውና ሲነጋ መመገቢያውን ባዶ ሆኖ ያገኙታል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ውኃው ነው። ጥንቸል የሚጠጣው ውኃ ከሚበላው ደረቅ መኖ በክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በፕላስቲክ ሳህን የተቀመጠ ውኃ እኩለ ቀን ላይ ይሞቅና አሽትተውት ይመለሳሉ። እኔ በሸክላ ዕቃ ነው የማጠጣቸው፤ ሸክላው በውጭ በኩል እያላበው ውኃውን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። በጣም በሚብስበት ቀን በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ በረዶ አድርጌ በየሣጥኑ አስገባለሁ፤ ጎናቸውን በጠርሙሱ ላይ ለጥፈው ሲተኙ ማየት ያስደስታል። ቆርቆሮውን በሣር ወይም በጆንያ ይሸፍኑ፤ በአካባቢዎ የኒም ዛፍ ካለም ሣጥኖቹን ከጥላው ሥር ያድርጓቸው። ውኃ የሚረጩ ከሆነ ጆንያውን እንጂ ወለሉን አያርጥቡ፤ እርጥብ ወለል ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ይጋብዛል። በአንድ ካሬ ሜትርም ከ10 በላይ ባያጉሩ ይሻላል።

መልስ፣ በእንስሳት መኖ ሙያ ከሚሠራ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ስለሞቱት ሦስቱ ልጨምር፤ በእኔ ግምት ጥፋቱ ያለው በቆሎው ላይ ነው። በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ያላለቀ የእህል ስታርች ወደ ዕውር አንጀት ሲወርድ ጎጂ ተሕዋስያን ይባዙበታል፤ ጡት ከጣለ ብዙም ያልቆየ ግልገል ደግሞ ይህን አይቋቋምም። በሙቀት ምክንያት የቀነሰን ዕድገት በእህል ማካካስ አይቻልም፤ ብዙ አርቢዎች ግልገሎቻቸውን የሚያጡት በዚህ ስሕተት ነው። በማደግ ላይ ያለ ጥንቸል 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲንና ከ14 እስከ 16 በመቶ አሰር (ፋይበር) ያለው መኖ ያስፈልገዋል። አሰሩ አንጀቱን ያንቀሳቅስለታል።

በቤት የሚያቀላቅሉ ከሆነ ከ100 ኪሎ ውስጥ 40 ፉርሽካ፣ 33 ደርቆ የተከተከተ አልፋልፋ፣ 13 በቆሎ፣ 12 የኑግ ፋጉሎ፣ 1.5 የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 0.5 ጨው ቢያደርጉ ወደዚህ ይጠጋል። ለአንዱ እንደ ዕድሜው በቀን ከ80 እስከ 120 ግራም ይመዝኑለት። ዱቄቱ አፍንጫቸውን እንዳያስቸግር በጥቂት ውኃ ያርጥቡት፤ በዚያ ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ግን ሲነጋ የተረፈውን ያንሱት። ትኩስ አልፋልፋም ሆነ የስኳር ድንች ሐረግ ከታጨደ በኋላ በጥላ ሥር ጠውልጎ ይሰጥ። ሉኪኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም ሚሞሲን የሚባል መርዝ ስላለው ዋና መኖ አያድርጉት። ለውጡን በአንድ ቀን ሳይሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ እያሉ ያድርጉት።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የመኖውን ሰዓት ቀይሬያለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ከ21ዱ የተረፈው ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። በቆሎውንም መቀነስ ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሚያዝያ ወዲህ ያስጠቃኋቸው አራት እንስቶች አልያዙም። ይህም ከሙቀቱ ጋር ይያያዛል?

መልስ፣ ከመተሐራ

ይያያዛል። የወንዱን ዘር ሙቀት ያዳክመዋል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላም እስኪያገግም ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ እንስቶቹን አሁን አያስወግዷቸው። ወንዱን ከሁሉ በሚቀዘቅዘው ሣጥን አኑረው እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይጠብቁ። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ስለሆነ በኅዳር መጀመሪያ ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹ በታኅሣሥ ጡት ጥለው፣ ዋናውን ዕድገታቸውን ግንቦት ሳይደርስ ይጨርሳሉ።