ጥቆማ፦ ለአማተር ሬዲዮ የሚሆን ቶሮይድ ኮር ከየት ይገዛ፣ የትኛውስ ለምን ይሆናል

ሰሞኑን ሁለት ሶስት ልጆች ቶሮይድ (ሽቦ የሚጠቀለልበት ቀለበት ኮር) አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል ብላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልፃፈው ሌላውም ይጠቀምበት። ከሁሉ በፊት ግን እባካችሁ ኮር በቀለሙ ብቻ አትግዙ።

እኔ ጀማሪ እያለሁ ከምናለሽ ተራ ካመጣሁት አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቢጫ ቀለበት አገኘሁ፣ መጠኑ ልክ እንደ ቲ50 ነው (ስሙን ከታች እፈታዋለሁ)፣ ቢጫ ማለት 6 ቁጥር ማቴሪያል ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ደስ ብሎኝ የ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ) ሎው ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በላይ ያለውን የሚያግድ) ጠቀለልኩበት፣ ዙሩንም በቲ50-6 ሂሳብ ቆጠርኩ። ከ5 ዋቱ አንቴና ጋ የደረሰ ነገር የለም። በኋላ ልብ ስለው አንድ ጎኑ ነጭ ነበር፣ ቢጫና ነጭ ደግሞ 26 ቁጥር ነው፣ የፓወር ሰፕላይ ዲሲ ከረንት ለማጣራት የተሰራ። በዚያው መጠን ኢንዳክታንሱ የ6 ቁጥሩን ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ፊልተሩ የሚቆርጥበት ፍሪኩዌንሲ ወርዶ የራሴን ሲግናል ነው ያገደው። ዙሩን ቀንሼ ልኩን አመጣሁት፣ አሁንም አልሆነም፣ ምክንያቱም 26 ቁጥር 7 ሜጋኸርዝ ላይ ሀይሉን እየበላ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ኢንዳክታንሱ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም ማለት ነው፣ ማቴሪያሉም ለዚያ ፍሪኩዌንሲ መሆን አለበት።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ፊልተር፣ ኦሲሌተር፣ ማንኛውም ልኩ እንዳይንቀሳቀስ የምትፈልጉት ነገር ከሆነ አይረን ፓውደር (ከብረት ዱቄት የተሰራ ኮር)፣ ለ80 እና ለ40 ሜትር ቀዩ 2 ቁጥር፣ ከ20 ሜትር ወደ ላይ ቢጫው 6 ቁጥር። ብዙ ባንድ ላይ የሚሰራ ትራንስፎርመር ከሆነ ፌራይት (ሴራሚክ መሰል ማግኔታዊ ኮር) 43 ቁጥር፣ ኮአክስ (የአንቴና ገመድ) ላይ የሚጠቀለል ቾክ (የማይፈለግ ከረንት ማገጃ) ከሆነ 31 ቁጥር። ስሙን ለማንበብ ቲ50-2 ሲባል ቲ አይረን ፓውደር ነው፣ 50 የውጭ ዲያሜትሩ በመቶኛ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር፣ 2 ማቴሪያሉ። ኤፍቲ ከሆነ ፌራይት ነው።

ሂሳቡም አያስፈራም። የሚፈለገውን ኢንዳክታንስ በናኖሄንሪ ለኮሩ ኤኤል (ለአንድ ዙር የሚሰጠው ናኖሄንሪ) ታካፍሉና ስኩዌር ሩት ታወጣላችሁ። 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ 50 ኦም ሪአክታንስ የሚሰጥ 1.12 ማይክሮሄንሪ ነው፣ የቲ50-2 ኤኤል 4.9 ስለሆነ 15 ዙር ይወጣል። ሽቦው በቀዳዳው ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው፣ ውጭ ውጭውን የሚቆጥር ሰው ሁሌ በአንድ ይሳሳታል። ዙሮቹን ሰብሰብ ስታደርጓቸው ኢንዳክታንሱ ከፍ ይላል፣ ስትበትኗቸው ይወርዳል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ በጣት ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ፈልቅቃችሁ የምታገኟቸው ቢጫና ነጭ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ (ይሄ 52 ቁጥር ነው) ለ13.8 ቮልት ፓወር ሰፕላያችሁ ማጣሪያ ግሩም ናቸው፣ ለፊልተር ግን በነፃም ቢሆን አልመክርም። መብራት መግቢያው ጋ የሚገኘው ሙሉ አረንጓዴ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ በጣም ከፍተኛ ፐርሚያቢሊቲ (በትንሽ ዙር ትልቅ ኢንዳክታንስ የሚሰጥ ባህርይ) ያለው ፌራይት ነው፣ እሱን የኢንቨርተር ጫጫታ ሬዲዮውን ለሚረብሸው ሰው የፓወር ሽቦ ላይ ጠቅልሉት፣ ትራንስፎርመር ግን አትስሩበት።

ከቻይና ኦንላይን የሚገዙት ቀያይ ቲ50-2 እና ቲ37-2 እኔ ጋ የደረሱት ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይቀላል። ችግሩ ጥቁሩ ፌራይት ላይ ነው፣ ቀለም ስለሌለው ማንም 43 ነው ብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። እኔም ከአንድ ሻጭ 43 ተብሎ ሌላ ነገር ደርሶኛል፣ ሳልለካ ብጠቀልለው ኖሮ አንቴናውን ነበር የምወቅሰው።

ስለዚህ ትልቁን ፌራይት ከዲጂኪ ወይም ከማውዘር (የኤሌክትሮኒክስ እቃ ሻጮች ናቸው) አስገዝታችሁ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው አስልኩት ነው ምክሬ፣ እዛ የሚሸጡት የራሱ የአምራቹ የፌር ራይት ነው። ኤፍቲ240-43ን በዚህ ስም ላታገኙት ስለምትችሉ በእቃ ቁጥሩ 5943003801 ብላችሁ ፈልጉ፣ ኤፍቲ240-31 ደግሞ 2631803802 ነው። አንዱ ፍሬ ከ100 ግራም ትንሽ ስለሚበልጥ ሰው ሻንጣ ላይ አይከብድም። አሚዶንም ጥሩ ነው፣ ግን ሻጭ እንጂ አምራች አይደለም፣ አይረን ፓውደሩን የሚያመርተው ካሊፎርኒያ ያለው ማይክሮሜታልስ ነው።

ሽቦ እዚሁ አለ፣ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ ሂዱ፣ 0.5 እና 1 ሚሊሜትር ይበቃችኋል። ብቻ የሞተር ሽቦ ቫርኒሹ ሙቀት ስለሚችል በብየዳው አይለቅም፣ በምላጭ በደንብ ፍቃችሁ ካልበየዳችሁ የተያዘ መስሎ አይያዝም።

የማታውቁት ኮር እጃችሁ ከገባ 10 ዙር ጠቅልላችሁ ለኩት፣ ናኖቪኤንኤ (አንቴናና ኮይል የሚለካ ትንሽ መሳሪያ) ካለ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ቲ50 የሚያክለው ላይ 0.49 ማይክሮሄንሪ ከሆነ 2 ቁጥር፣ 0.4 ከሆነ 6 ቁጥር፣ 3.3 ከሆነ ያ የኔ 26 ነው፣ 40 ምናምን ካነበበ 43 ፌራይት ሊሆን ይችላል። ማግኔት ማስጠጋት አይረዳም፣ ሁሉንም ይስባል። ቀለም ያልተቀባ ፌራይት ከሆነ መልቲሜትር በኦም አድርጋችሁ ላዩን ንኩት፣ እንደ 31 እና 77 ያሉት ማንጋኒዝ ያለባቸው በኪሎ ኦም ቤት የሆነ ነገር ያነባሉ፣ 43 እና 61 ግን ምንም ያላነበቡ ያህል ናቸው።

ለ49 ለ1 (ጫፉ ላይ የሚመገብ አንቴናን ከ50 ኦም ኮአክስ የሚያገናኝ ትራንስፎርመር) አንድ ኮር ይበቃል ወይ ላልከው ወንድሜ፣ እንደ ባንዱ ነው። 2 ለ14 ዙር ስትጠቀልል ፕራይመሪው (2 ዙሩ፣ ኮአክሱ የሚገባበት) አንድ ኤፍቲ240-43 ላይ 4.3 ማይክሮሄንሪ ይሆናል፣ 7 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 190 ኦም፣ ከኮአክሱ 50 ኦም አራት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ጥሩ ነው። 3.5 ላይ ግን 95 ብቻ ነው፣ ስለዚህ 80 ሜትር ከፈለግክ ሁለት ኮር ደርብ ወይም 3 ለ21 አድርገው፣ ሁለቱም ስሌቱን ወደ 200 ያደርሱታል። እኔ ሁለት መደረቡን እመርጣለሁ፣ ሙቀቱም ይከፋፈላል፣ 100 ዋት ዲጂታል ሞድ ላይ ረጅም ሰዓት ስትልክ አንዱ ኮር በጣም ይግላል፣ ከ130 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ፌራይትነቱን ለጊዜው ያጣና ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ሀይል የሚያሳየው ልክ) በድንገት ይዘላል። ፕራይመሪው ላይ 100 ፒኮፋራድ ሃይ ቮልቴጅ ካፓሲተር አትርሳ፣ 10 ሜትር ላይ እሱ ነው የሚያስተካክለው።

በአካል አይቶ መማር የሚፈልግ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤን ይጠይቅ፣ በእጅ ይዞ የጠቀለለ ሰው የሚያሳያችሁ ከዚህ ሁሉ ፅሁፍ ይበልጣል።

ከዋሽንግተን ዲሲ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፣ 31ም 43ም የምትፈልጉ ስንት ፍሬ እንደሆነ እዚህ ስር ፃፉልኝ አንድ ላይ እናዝዛለን፣ ሲደርስ ሁሉንም እለካቸዋለሁ፣ ያልለካሁትን አልሰጥም።