«ሦስት ዘርፍ አለው» ስል ሦስት ኪስ መሰለው፦ ዘርፍ፣ መርገፍ ወይስ ቋጭ?

የኤዲንብራዋ፦
ሰላም ቤቶች። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዣለሁ። እህቴ ስኮትላንዳዊ ልታገባ ነው። አዲስ አበባ ላለው ቤተሰብ የሠርጉን ልብስ የምታስረዳ አንዲት ገጽ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ሙሽራው ኪልት የሚሉትን የስኮትላንድ ወንዶች ቀሚስ ይለብሳል። ከፊቱ ደግሞ ስፖራን የሚሉትን ቦርሳ ይታጠቃል። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ስፖራኑ ከፊቱ ሦስት ዘርፎች አሉት።» ወንድሜ አነበበና «ሦስት ኪስ ነው ያለው? አንዱ ለስልክ?» አለኝ። እኔ ያልኩት ፊቱ ላይ ወርደው የሚወዛወዙትን ነው። ምን ልበላቸው? ደግሞስ ሥራቸው ምንድን ነው? እናቴ መጠየቋ አይቀርም።

ፊደል ለቃሚ፦
ወንድምሽ ጥፋት የለበትም። ቃሉን ቢሮ ወስዶታል። «የግብርናው ዘርፍ»፣ «የግሉ ዘርፍ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ክፍል ነው የሚታየው። ግን ጥንቱን የልብስ ነው። ማቴዎስ 23፥5ን አስቢ፤ ፈሪሳውያን ዘርፉን ያስረዝማሉ ነው የሚለው። ዘርፍ ብለሽ ጻፊ፣ አትፍሪ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ዘርፍ ጫፉ ነው ወይስ ከጫፉ የሚንጠለጠለው? ዘጸአት 28 ላይ የአሮን ቀሚስ አለ። ሮማኑና ሻኵራው፣ ማለትም ትንንሾቹ ደወሎች፣ የሚሰቀሉት በዘርፉ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ዘርፍ ራሱ ጠርዙ ነው። ሻኵራው ሌላ፣ ዘርፉ ሌላ። ልጅቷ የምትለው የሚወዛወዘውን ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
መምህር፣ ዘኁልቁ 15፥38 ደግሞ በልብሳቸው ጫፍ ላይ ዘርፍ ያድርጉ ይላል። ጫፉ ዘርፍ ከሆነ በጫፍ ላይ ጫፍ ይደረጋል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ግዕዙ ውስጥ ነው። በግዕዝ ዘፈር የልብስ ጫፍ ነው። አማርኛው ረንና ፈን ቦታ አለዋወጣቸውና ዘርፍ አለ። ሥሩ ጫፍ ነው፣ ተንጠልጣይነት በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። ይህን የምለው ቅኔ ቤት ዓመታት ቁጭ ብዬ ነው።

ሸማኔው፦
እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፣ ከጉድጓድ ሽመና ቤት ነኝ። የጋቢው ጫፍ ላይ የሚቀረው ክር ሲጠመዘዝ መቋጨት ነው የምንለው። «ነገሩን እንቋጨው» የሚባለውም ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ካልተቋጨ ይተረተራላ። ሦስት ቋጭ ብትዪስ?

ግላስጎው ነኝ፦
እህቴ፣ እኔ ኪልት የሚከራይበት ሱቅ ሠርቻለሁና ስለ ዕቃው ልንገርሽ። ስፖራን በእነሱ በጌሊክ ቋንቋ ቦርሳ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኪልት ኪስ ስለሌለው ነው የታጠቁት። የድሮው የአጋዘን ወይም የጥጃ ቆዳ ከረጢት ነበር። አፉ በቆዳ ጠፍር እየተሳበ ይዘጋል። የጠፍሩ ጫፍ ተቋጥሮ ሲንጠለጠል ያው የምትዪው ነገር ሆነ። ስትስቢው ቦርሳው ይዘጋል፤ ሥራው ይኸው ነበር። በኋላ የብረት አፍ መጣ። ጠፍሩ ሥራ ፈታ። መንጠልጠያው ግን ለጌጥ ቀረ።

የዛሬዎቹን ሱቅ ውስጥ በዓይን ትለያቸዋለሽ። የቀን የሚባለው ሙሉ ቆዳ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት የቆዳ መንጠልጠያ አለው። የሠርግና የማታው ፊቱ ጸጉር ነው፣ አፉ የብር መልክ ያለው ብረት፣ መንጠልጠያዎቹም ከጸጉር ተሠርተው በቀጭን ሰንሰለት ይወርዳሉ። አናታቸው ላይ እንደ ትንሽ ደወል ያለ የብረት ቆብ አለ። ሙሽራችሁ የሚታጠቀው ይህን ይመስለኛል። በመካከል ቆዳና ጸጉር የተቀላቀለበትም አለ።

የወታደሩ ደግሞ ረጅም የፈረስ ጸጉር ነው። እዚያ ቁጥሩና ቀለሙ የክፍለ ጦር መለያ ነበር። ከስኮትላንድ ክፍለ ጦሮች ብላክ ዎች በነጭ ጸጉር ላይ አምስት ጥቁር፣ ካሜሮን ሃይላንደርስ በጥቁር ላይ ሁለት ረጃጅም ነጭ። የአርጋይልና ሰዘርላንድ ሃይላንደርስ ስድስት ነበራቸው፤ ሲራመዱ ስለሚወዛወዙ «የሚወዛወዙት ስድስት» ተብለው ታወቁ። የሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ክፍለ ጦሩን ይናገር ነበር። እነዚህ የድሮ ክፍለ ጦሮች ወይም ተተኪዎቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. በአንድ ሬጅመንት ሥር ተጠቃለዋል።

የኤዲንብራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለእናቴ የምነግራት አገኘሁ። ድሮ መዝጊያ ነበር፣ አሁን ጌጥ ነው። ቃሉ ግን?

የጥምቀት ልጅ፦
መርገፍ! ታቦቱ ሲወጣ የጥላው ዙሪያ ላይ የሚወዛወዘው ምንድን ነው? እኛ ሰፈር መርገፍ ነው የሚባለው። ለእናትሽ «እንደ ጥላው መርገፍ» በያት፣ ወዲያው ይታያታል።

ፊደል ለቃሚ፦
መርገፍ ከረገፈ ነው። የሚረግፍ ነገር ለሠርግ ይሆናል?

የጥምቀት ልጅ፦
ረገፈ መውደቅ ብቻ አይደለም። ወርዶ መዘርገፍም አለበት። ስንት ሙሽራ በመርገፍ ጥላ ሥር አልፏል!

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መርገፍ በዙሪያው ተደርድሮ የሚወርድ ነው። የስኮትላንዱ ደግሞ ከፊቱ ላይ ተነጥሎ ሦስት ብቻ ነው። ከጫፍም አይነሣም። ስለዚህ ዘርፍም መርገፍም በልኩ አይገጥምም።

አዲስ ገቢ፦
ዘርፍና ዘረፈ ግን አንድ ሥር አይደሉም? ቅኔም ይዘረፋል ይባላል። ተንጠልጥሎ የሚወርድ ቃል ማለት ቢሆንስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ልጄ፣ አይደባለቅብህ። ቅኔ ዘረፈ ማለት ከልቡ አፍልቆ ተናገረ ነው። ይልቅ ሰዋስው ውስጥ ያለውን ዘርፍ አስብ። «የንጉሥ ቤት» ስንል «ንጉሥ» ዘርፍ፣ «የ» ደግሞ ዘርፍ አያያዥ ይባላል። ንጉሥ ከቤት ጋር የሚያያዘው እንደ ልብስና ዘርፉ ነው። ይህ የእኔን የጫፍ ነገር ያጠናክራል።

ፊደል ለቃሚ፦
የኔንም ያጠናክራል እኮ መምህር! ዘርፍ ከሌላው ላይ ተያይዞ የሚንጠለጠል ካልሆነ አያያዥ ለምን አስፈለገው?

ሸማኔው፦
ቋጭን ማንም አልመለሰልኝም።

የኤዲንብራዋ፦
ወንድሞቼ፣ ወረቀቱን ሐሙስ ማተሚያ ቤት ማድረስ አለብኝ። አንድ ቃል ብቻ ስጡኝ። ለጊዜው «ሦስት ተንጠልጣይ መርገፎች» ብዬዋለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ልጄ፣ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለሽ። እኔ ዘጸአት 28ን ከግዕዙ ጋር አስተያይቼ ማታ እመለሳለሁ። ዘፈር ገና አላለቀም።